ባለ ሰንሰለቱ መንጃ ፈቃድ

አንድ እንግሊዛዊ ገበሬ ከጦር ሠራዊት የተሸጠ፣ 15 ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት ለበስ ገዝቶ ጓሮው ማቆም ይችላል። በገዛ ማሳው ላይ ወዲያና ወዲህ ቢያሽከረክረው መንጃ ፈቃድ አምጣ የሚለው የለም። ከአጥሩ ወጥቶ የሕዝብ መንገድ የረገጠ ዕለት ግን ኪሱ ውስጥ ያለው የመኪና መንጃ ፈቃድ አያድነውም። ሌላ ፈተና ወስዶ ሌላ ምድብ ማስጨመር አለበት። ብሪታንያ ይህን ምድብ «ኤች» ትለዋለች። የሚሰጠውም በሰንሰለቱ የሚታጠፍ ተሽከርካሪ ለሚነዳ ሰው ነው።

ፈቃዱን የሚያወጡት ብዙ አይደሉም። አሮጌ የጦር ተሽከርካሪ የሚሰበስቡ፣ ሙዚየም ውስጥ የሚሠሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወታደሮች ናቸው። ጉዳዩ ግን የእነሱ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። ዛሬ በእኛም አገር መንገድ በሚቆረጥበት፣ ሕንፃ በሚቆምበትና ግድብ በሚሠራበት ሁሉ ባለ ሰንሰለት ማሽን አለ። ከአንዱ ሥራ ቦታ ወደ ሌላው ሲሻገርም ሕዝብ የሚሄድበትን መንገድ ይነካል። እንግሊዞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲነጋገሩበት የኖሩት ጥያቄ፣ ማለትም ይህን ማሽን በሕዝብ መንገድ ላይ ማን፣ ምን አውቆ ይንዳው የሚለው፣ የእኛም ጥያቄ ነው።

መነሻው የማሽኑ አተጣጠፍ ነው። ጎማ ያለው መኪና ሲዞር የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ይዘው ይንከባለላሉ። ሰንሰለት እንዲህ አያውቅም። ወደ ግራ መዞር የፈለገ ሾፌር የግራውን ሰንሰለት ይይዘዋል፤ የቀኙ መግፋቱን ይቀጥላል፤ ማሽኑም በተያዘው ወገን ዙሪያ ይሽከረከራል። በዚያች ቅጽበት መሬት ላይ የተነጠፈው ሰንሰለት በሙሉ ርዝመቱ ወደ ጎን ይጎተታል። ጭቃ ላይ ከሆነ ጭቃው ይገፋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። አስፋልት ላይ ሲሆን ግን ብረቱ ጠጠሩን ከሬንጁ እየፈለቀቀ ያወጣዋል። በቀትር ፀሐይ ሬንጁ በለሰለሰበት ሰዓት አንድ ኤክስካቫተር ቆሞ የዞረበት ቦታ ማረሻ የገባበት ይመስላል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚያሳብበው በክብደት ነው። ሰንሰለት የተፈጠረው ግን ክብደትን ለመበተን ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቶክተን በምትባል ከተማ አቅራቢያ ያለው የዴልታ መሬት ረግረግ ስለነበር ከባዱን የእንፋሎት ትራክተር ይውጠው ነበር። ቤንጃሚን ሆልት ለዚህ መላ ፈልጎ የኋላ ጎማዎቹን በእንጨት ጫማ በተሠራ ሰንሰለት ተካቸው፤ ማሽኑንም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1904 ሞከረው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር፣ ግራንተም ከተማ፣ የሆርንስቢ ኩባንያ መሐንዲስ ዴቪድ ሮበርትስ ለራሱ የሰንሰለት አሠራር የፈጠራ መብት አወጣ። የሆርንስቢ መብት በኋላ ለሆልት ተሸጠ። የሆልት ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1925 ከተፎካካሪው ከቤስት ጋር ተዋህዶ የእኛም ኦፕሬተሮች ስሙን በየዕለቱ የሚጠሩት ካተርፒላር ሆነ። ለስላሳ መሬት ላይ የቆመ ባለ ሰንሰለት ማሽን በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከጭነት መኪና ጎማ ጫና ያንሳል። ቀጥ ብሎ እስከ ሄደ ድረስ መንገድ ላይም ጉዳቱ መጠነኛ ነው። መንገዱን የሚያርሰው መታጠፉ ነው፤ መታጠፉ ደግሞ በሾፌሩ እጅ ነው። ስለዚህ ፈተናው ሰውየው ላይ ማረፉ ትክክል ነው እላለሁ።

ድሮ ግን ታንክ በአንድ ሰው እጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 በሶም ጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፉት የእንግሊዝ ታንኮች እያንዳንዳቸው 8 ሰው ይዘው ነበር፤ ከስምንቱ አራቱ የሚያስፈልጉት ለመንዳት ብቻ ነበር። ሾፌሩ ከፊት ተቀምጦ ዋናውን ማርሽና ነዳጁን ይይዛል። አዛዡ ከጎኑ ሆኖ ፍሬን ይስባል። ከኋላ በግራና በቀኝ አንዳንድ ሰው ቆሞ የየሰንሰለቱን ማርሽ ይለውጣል። ሞተሩ መካከላቸው፣ ያለ ምንም ግርዶሽ፣ እየጮኸ ስለሚሠራ መነጋገር አይቻልም። ሾፌሩ መዞር ሲፈልግ የሞተሩን ክዳን በብረት ይደበድብና በጣቱ ምልክት ይሰጣል፤ ከኋላ ያለው ሰው አይቶ ማርሹን ያስገባል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ መንጃ ፈቃድ ለማን ይሰጣል? ችግሩን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1918 የመጣው ማርክ 5 ነው። በዋልተር ዊልሰን የማርሽ አሠራር ምክንያት አንድ ሾፌር ብቻውን ታንኩን ማዘዝ ቻለ። እንዲህ ባለ ታንክ ላይ አንድ ሰው በኃላፊነት ሊጠየቅ የሚችለውም ከዚያ ወዲህ ነው።

መንገዱን የሚመለከተው ሕግ ከዚህ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1865 የወጣው የብሪታንያ ሕግ በእንፋሎት የሚሄድ ተሽከርካሪ በገጠር በሰዓት ከ4 ማይል፣ በከተማ ከ2 ማይል በላይ እንዳይፈጥን ከመከልከሉም በላይ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው 60 ያርድ ቀድሞ በእግሩ እንዲሄድ ያዝዝ ነበር። ዛሬ ብዙዎች ይህን እያነሡ ይስቁበታል። እኔ አልስቅም፤ አዲስ ማሽን በሕዝብ መሐል ሲገባ ለእግረኛው ቅድሚያ የሰጠ ሕግ ነበር። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1896 ላላ። መንጃ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1903 በወጣው ሕግ መጣ፤ 5 ሺሊንግ ለከፈለ ሁሉ ያለ ፈተና የሚታደል ወረቀት ነበር። ፈተና ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በመካከሉ ባሉት ሠላሳ ዓመታት የአገሪቱ ሾፌር ሁሉ መንዳት የተማረው መንገዱ ላይ በሚሄደው ሰው ነፍስ ነበር ቢባል አልተጋነነም።

ዛሬ የምድብ ኤች እጩ በመጀመሪያ ሙሉ የመኪና መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በመደበኛው ዕድሜው 21 የሞላ መሆን አለበት፤ ለጦር ኃይሉ የተለየ ደንብ አለ። የሚፈተንበትን ተሽከርካሪ ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ተሽከርካሪውም ሾፌሩ ዙሪያውን በሚገባ የሚያይበት መሆን አለበት። ክዳን ዘግቶ በመስተዋት ሽንቁር እያዩ መፈተን አይታሰብም።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ኤፍ ቪ 432 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የእንግሊዝ እግረኛ ጦር የተጓጓዘበት ብረት ለበስ ነው። ሾፌሩ ከፊት በቀኝ በኩል ጉድጓድ በመሰለ ቦታ ተቀምጦ ጭንቅላቱን በክዳኑ ያወጣል። መሪ የሚባል ነገር የለም። በጉልበቶቹ መካከል ሁለት የብረት ማንሻዎች ቆመዋል፤ የግራውን ሲስብ ወደ ግራ፣ የቀኙን ሲስብ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሞተሩ በግራው በኩል ነው፤ ስለዚህ በዚያ ወገን ያለውን ነገር ከቅርብ ማየት አይችልም። ብስክሌተኛ ወይም ሕፃን ግራውን ይዞ ቢመጣ የሚያየው ከኋላው ቆሞ በጆሮ ማዳመጫ የሚያነጋግረው ረዳት ነው። የብረቱ ግንባር ላይ የለማጅ ምልክት ተለጥፏል፤ ስፖኪዮና ፍሬቻ ተገጥሞለታል። ፈታኙ የሚቀመጥበት ቦታ ከሌለ ከውጭ ሆኖ ይመለከታል። እጩው እንደማንኛውም ተፈታኝ ከርቀት ታርጋ ያነባል፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያ ይሰጣል፣ በምልክት ይቆማል። ከዚህ ሌላ የዚህ ምድብ ብቻ የሆነ አንድ ነገር አለ፦ ወደ ኋላ ነድቶ፣ በሰንሰለቶቹ ብቻ አዙሮ፣ ፊቱን ወደ መጣበት አቅጣጫ መመለስ።

ሕጉ ማሽኑንም ይፈትሻል። መንገድ የሚነካው የሰንሰለት ክፍል ጠፍጣፋ፣ ወርዱም ቢያንስ 12.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ግራም ክብደት ከ225 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያላነሰ የሰንሰለት ገጽ መሬት መንካት አለበት፤ ይህ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን መሆኑ ነው። ሞላ ካለው፣ በብረቱና በመንገዱ መካከልም ላስቲክ ካለው በሰዓት እስከ 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ይፈቀድለታል። እነዚህ ከሌሉት ፍጥነቱ ከ5 ማይል አያልፍም፤ ሰው ፈጠን ብሎ ቢራመድ ብዙም አይቀድመውም።

በዚህ አሠራር ውስጥ ግን አንድ ክፍተት አለ፤ አጥብቄ የምቃወመው እሱን ነው። ምድቡ በክብደት አይከፋፈልም። ለጭነት መኪና 3.5 ቶን፣ 7.5 ቶን እያለ ደረጃ በደረጃ የሚለይ አገር፣ በትንሽ ባለ ሰንሰለት ተሽከርካሪ ያለፈን ሰው በዚያው ፈቃድ የ50 ቶን ታንክ እንዲነዳ ይፈቅድለታል። እኛ ደረቅ 1፣ ደረቅ 2፣ ደረቅ 3 እያልን በመጫን አቅም የምንለየው ያለ ምክንያት አይደለም። የቆመ ክብደት መንገድን ባያርስም እየሄደ ያለ ክብደት በፍሬን ቶሎ አይቆምም፤ ድልድይም ክብደትን ይቆጥራል። ጀርመኖች ይህን በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በሚገባ አስበውበት ነበር። በምዕራብ ጀርመን ድልድዮች ዳር የተተከሉት ክብ ቢጫ ሰሌዳዎች ለባለ ጎማና ለባለ ሰንሰለት የጦር ተሽከርካሪ የተለያየ የመሸከም ቁጥር ይሰጡ ነበር፤ ብዙዎቹ ዛሬም በቦታቸው አሉ።

አዲስ አበባም ሰንሰለት በአስፋልት ላይ ሲሄድ አይታለች። በደርግ ዘመን መስከረም 2 ቀን በአብዮት አደባባይ በሚደረገው ሰልፍ ታንኮች ያልፉ ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ የኢሕአዴግ ታንኮች ገቡ። የዛሬው ሰንሰለት ግን የዶዘርና የኤክስካቫተር ነው። በየሥራ ማስታወቂያው ላይ «ልዩ መንጃ ፈቃድ ያለው» እየተባለ የሚፈለገው ኦፕሬተር አብዛኛውን ጊዜ እጁን ያፍታታው ከአንድ ሽማግሌ ኦፕሬተር ጎን ረዳት ሆኖ፣ ቅባት እየቀባና ነዳጅ እየሞላ ነው። ይህ ትምህርት የሚናቅ አይደለም። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በድሮዎቹ ዶዘሮች ላይ አቀበት ወይም ሜዳ ሲነዱ የግራውን ማንሻ ብቻ ሳብ ሲያደርጉ ማሽኑ ወደ ግራ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን ሳይረግጡ ያንኑ ማንሻ ቢስቡ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ከሞተሩ የተለቀቀው ሰንሰለት በማሽኑ ክብደት ተገፍቶ ከሌላው ይፈጥናልና። ጎሃ ጽዮንን ወይም ሊማሊሞን በመሰለ ገደል አፋፍ ላይ ይህን አለማወቅ ሕይወት ያስከፍላል። ሽማግሌው ኦፕሬተር ያውቀዋል፤ ለልጁ በቃል ያስተላልፈዋል። በፈተና ወረቀትም ሊጠየቅ ይገባል።

ከአንዱ ሥራ ቦታ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ግሬደርና ጎማ ሎደር በራሳቸው ጎማ መንገዱን ይዘው ይሄዳሉ። ባለ ሰንሰለቱ ሎቤድ በሚባለው ዝቅ ያለ ተጎታች ይጫናል፤ ረጅም ጉዞ ሲሆን ማንም አይከራከርም። ችግሩ አጭሩ ጉዞ ነው። ከአንድ ግንባታ ወደ ሌላው ያለው ርቀት ጥቂት መቶ ሜትር ሲሆን ሎቤድ መከራየት ይከብድና «በእግሩ ይሂድ» ይባላል። ጠንቃቃው ፎርማን አሮጌ ጎማ ያስነጥፋል ወይም አፈር ያስደፋል፤ ከፊትና ከኋላ ሰው አቁሞ መኪና ያስቆማል፤ ኦፕሬተሩንም ቀጥ ብለህ ውጣ፣ አስፋልቱ ላይ እንዳትዞር ይለዋል። ጥንቃቄ የሌለው ደግሞ ሌሊት ይጠብቃል፤ ጠዋት የሚቀረው የተፈለቀቀ አስፋልትና የተሰበረ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነው። የሚጠገነው በሕዝብ ገንዘብ፣ ያውም ከዘገየ በኋላ ነው። በዚህ መሐል ክረምቱ ውኃ ያስገባና ጭረቱ ጉድጓድ ይሆናል። ከግብር የተሠራ መንገድ እንዲህ ሲጠፋ ማየት ያናድዳል፤ ሊያናድድም ይገባል።

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መንጃ ፈቃድን የሰውየው ብቃት ማስረጃ አድርጎ ያያል። ለባለ ሰንሰለት ኦፕሬተር ብቃት ስንል ታዲያ ቁፋሮውን ብቻ ባንቆጥር ደስ ይለኛል። እንግሊዞቹ ወደ ኋላ ነድቶ በሰንሰለት መዞርን ፈተና እንዳደረጉት፣ እኛም ለአገራችን ሥራ የሚስማማውን ማስገባት እንችላለን። አንደኛው ነገር አስፋልት ማቋረጥ ነው፦ መከላከያ አስነጥፎ፣ ጠቋሚውን ሰው እያየ፣ ሳይዞሩ መውጣት። ሌላው ሎቤድ ላይ መውጣት ነው፤ ከባዱም ይሄ ነው። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፤ መወጣጫው ጠባብ ነው፤ ማሽኑ ጫፉ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ሚዛኑን አጥቶ ፊቱ ወደ ሰማይ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይወድቃል። በዚያች አፍታ ማንሻውን የነካ ኦፕሬተር ማሽኑን ወደ ጎን ይጥለዋል፤ ስር የቆመ ረዳት ካለ ማምለጫ የለውም። ይህን ፈታኝ ቆሞ እያየው፣ እንጨት አስነጥፎ፣ ረዳቱን አርቆ፣ ሳይታጠፍ የወጣ ሰው ነው ፈቃዱን ማግኘት ያለበት።