ከቀብሩ በፊት ያሉት ወራት

ከሚሴ ላይ ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ለቅሬው ይነገራል፤ ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፤ አጣቢዎቹ ይገባሉ፤ ከፈኑ ይዘጋጃል፤ ሴቶቹ ለለቀስተኛው ምግብ ይዘው ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ቀብሩ ያልቃል። ሌላው ሀገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ሥራውንም አሳምሮ ያውቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ሐኪሙ «ወደ ቤት ውሰዷት» ካለበት ቀን እስከ ቀብሩ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ያን ጊዜ የምትሸከመው አንዲት ልጅ ወይም አንዲት ምራት ናት፤ ያውም እንዴት እንደምታስታምም ማንም ሳያሳያት። ወዳጆቼ፣ ሆስፒስ የሚባለው እንክብካቤ የተጀመረው ለእነዚህ ወራት ነው። ስለ እሱ ባወቅሁ ቁጥር ለሰው ሁሉ መንገር ያምረኛል።

ዘመናዊው ሆስፒስ ሲጀመር ሕመምተኛ ተኝቶ የሚታይበት ቤት ነበር። እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ በነርስነት ጀምረው፣ በኋላም ሐኪም ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርን ከፈቱ። ሞት የተቃረበው ሰው የሚሠቃየው በሥጋው ብቻ አይደለም አሉ። የልጆቹ ነገር፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የተኳረፈው ወንድም፣ ከፈጣሪው ጋር ያለው ጉዳይ አብረው ያሙታል። ማስታገሻውም ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጥ እንጂ ሕመምተኛው እስኪጮህ አይጠበቅ አሉ።

ሐሳቡ አፍሪካ ሲደርስ ከአልጋ ይልቅ ነርሷ ወደ ሕመምተኛው ቤት የምትሄድበት መንገድ በረታ። ኡጋንዳ ውስጥ ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመሩት ድርጅት የሕመም ማስታገሻውን የሞርፊን ዱቄት በውሃ በጥብጦ በርካሽ የሚጠጣ መድኃኒት አደረገው። እኛም ዘንድ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሠረቱ፤ ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ተኝተው የሚታገዙባቸው ቤቶችም አሉ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የማዘር ተሬዛ እህቶች ቤት አንዱ ነው። እሱ ግን በተለይ ደጋፊ ላጣው ሰው ነው።

ከሚሴ ውስጥ ብዙው ሰው የሚያስታምመው ቤተሰብ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገን አዲስ ሕንፃ አይመስለኝም። ሰው በቤቱ፣ በዘመዶቹ መሀል መሞትን ይመርጣል፤ የጎደለው ወደዚያ ቤት የሚገባው ማስታገሻና እውቀት ነው።

ሞርፊን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፍርሃቱ ብዙ ነውና። ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሱትን መንገዶች ያዳክማል። የሚጠጣው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ መጠኑን ሐኪም ከትንሽ ጀምሮ እያየ ይጨምራል። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ለሕመም በልኩ የሚወስደው ሰው ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። «ሞት ያፋጥናል» የሚባለውም በትክክል ለታዘዘ መጠን አይሠራም።

እኛ አካባቢ ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «አእምሮዬን ስቼ ሸሃዳ ሳልል ብሞትስ?» ይህን የሚጠይቅ ሰው በቁም ነገር ሊመለስለት ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ መጠኑ ልክ ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው ሰው ይነቃል። ካልነቃ መጠኑ እንደገና ይታያል። ሶላቱንም፣ ጨዋታውንም፣ ልጆቹን መምከሩንም የሚነሳው ያልታገሰ ሕመም ነው። ረመዳን ሲገባ ደግሞ መድኃኒቱን ለማቆም የሚሞክሩ አሉ፤ በሽተኛ ከጾም ግዴታ ነፃ መሆኑን ሸሁ ራሳቸው ቢነግሯቸው ከነርሷ ቃል ይልቅ ይሰማል።

ሌላው ምግብ ነው። በሽተኛ «አልበላም» ሲል አጥሚቱን በማንኪያ እያስገደድን እናጎርሳለን፤ ከፍቅር ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ሰውነት ምግብ አይጠይቅም፤ መዋጥ ያቃተው ሰው ላይ የሚፈስ አጥሚት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ የሚደረገው ቀላል ነው፦ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጥጥ ውሃ ነክሮ ከንፈርን፣ ድድን፣ ምላስን ማራስ። ዘምዘም ያለው ሰው በዘምዘም ያርሳል። ከንፈሩ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀባል። በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎን መቀየርም አለ፤ መቀመጫና ተረከዝ ቶሎ ይቆስላሉ። ጉሮሮ ሲያንኮራፋ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛውን አያሠቃየውም፣ በጎን ማስተኛት ይረዳል። መስማት መጨረሻ ላይ ከሚቆዩት ውስጥ ነው ይባላል፤ ስለዚህ ያሲን ሲቀራም፣ ልጅ ሲያናግርም እየሰማ ነው ብላችሁ አድርጉ።

አንድ የምሟገትበት ነገር አለኝ። ለበሽተኛው በሽታውን መደበቅ እኛ ዘንድ ደግነት ተደርጎ ይታያል። ግን ዕዳውን ማን ይናዘዝ? ከጎረቤቱ ጋር ማን «አፉ በሉኝ» ይባባል? ማወቅ የማይፈልግ ሰው አይገደድ፤ የሚጠይቅ ሰው ግን ሲዋሹት መኖር አለበት ብዬ አላምንም።

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ለዚህ እንክብካቤ ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። ወረቀቱ ዳዋ ጨፋ ወይም አርጡማ ፉርሲ ገጠር ድረስ የሚወርደው በሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ቅሬ ውስጥ አለ። ቅሬው ለቀብር ተራ እንደሚያወጣ ለማስታመምም ቢያወጣ፣ ጎን መቀየሩንና አፍ ማራሱን ጥቂት ሴቶችና ወንዶች ከጤና ጣቢያ ነርስ ቢማሩ፣ ያቺ ምራት ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች።

እስከዚያው ሰው ይዛችሁ ከሆስፒታል ስትወጡ ሐኪሙን ጠይቁት፦ ሕመሙ ሲበረታ የምንሰጠው ምንድን ነው? በየስንት ሰዓቱ? ሲያልቅ እዚሁ እናገኛለን ወይስ ደሴ መሄድ አለብን? ሌሊት ቢብስበት ለማን እንደውል? መልሱን በወረቀት ይጻፍላችሁ።