እብነ በረድ፣ ሸክላ፣ ሙጫና ጥልፍ፦ የግሪክ ደሴቶች የእጅ ጥበብ

ግሪክ በሺህ የሚቆጠሩ ደሴቶች ያሏት አገር ናት፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን ከ200 ጥቂት ቢበልጡ ነው። በበጋ ወደ ደሴቶቹ የሚጎርፈው ጎብኚ አብዛኛው የሚሄደው ለባሕሩና ለፀሐዩ ነው። ከወደቡ ራቅ ብለው በተራራ ጥግ የተቀመጡት መንደሮች ግን ሌላ ሀብት አላቸው። እብነ በረድ ጠራቢው፣ ሸክላ ሠሪው፣ ሙጫ ለቃሚው፣ ጠላፊዋና ሸማኔዋ ዛሬም በሥራቸው ላይ ናቸው።

ይህ ጥበብ ለጌጥ ተብሎ የተጀመረ አይደለም። በክረምት ባሕሩ ሲናወጥ ወደ ትናንሾቹ ደሴቶች መርከብ ለቀናት ሳይደርስ ይቀራል። ነዋሪው ማሰሮውንም፣ ብርድ ልብሱንም፣ የበሩን መቃንም ደሴቱ ከሰጠው ነገር መሥራት ነበረበት። ድንጋዩ ያማረለት ጠራቢ ሆነ፤ አፈሩ የተስማማው ሸክላ ሠሪ ሆነ፤ በግ ያረባው ሱፍ ፈተለ። የየደሴቱ ሙያ የተለያየውም ለዚህ ነው።

በእብነ በረድ ሥራ ስሙ የሚነሣው ቲኖስ ነው። ሲክላዴስ ከሚባሉት የኤጂያን ባሕር ደሴቶች አንዱ ሲሆን፣ ነጩንም አረንጓዴውንም እብነ በረድ ከራሱ ተራሮች ያወጣል። የሙያው ማእከል ፒርጎስ የተባለችው መንደር ናት። በዚያ ምንጩም፣ የመቃብር ሐውልቱም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ማማም ከዚሁ ድንጋይ የተሠራ ነው። በተለይ ዓይን የሚስበው ከየቤቱ በርና መስኮት በላይ የሚቀመጠው ቅርጽ ነው። ብርሃንና አየር እንዲያስገባ ተፈልፍሎ መርከብ፣ ወፍ፣ አበባ ወይም የጥድ ዛፍ ይቀረጽበታል። ባለቤቱም ቤቱን ከክፉ እንደሚጠብቅለት ያምናል።

ሥራው የሚጀምረው ከድንጋይ ማውጫው ነው። ጠራቢው የእብነ በረዱን ንብርብር በዓይኑ አይቶና በመዶሻ መትቶ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛውም ለጥሩ ቅርጽ እንደሚሆን ይለያል። ከዚያ ሥዕሉን በወረቀት ነድፎ ወደ ድንጋዩ ያስተላልፋል። መጀመሪያ በወፍራም መሮ ትርፉን ያነሣል፤ ቀጥሎ በቀጫጭኖቹ መሮዎች ዝርዝሩን ያወጣል፤ በመጨረሻም ያለሰልሰዋል። በድንጋይ ላይ የተሳሳተ ምት አይመለስምና ተማሪው ለረጅም ጊዜ መምህሩ አጠገብ ቆሞ ይለማመዳል። ጥንት ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ የነበረ ሲሆን ዛሬ ሴቶችም ገብተውበታል። በፒርጎስ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተ የጥበብ ትምህርት ቤት አለ፤ በ2008 ደግሞ የእብነ በረድ ሥራ ሙዚየም ተከፍቷል። ዩኔስኮም ይህን ሙያ በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ከፒርጎስ የወጣው ታላቅ ቀራፂ ያኑሊስ ኻሌፓስ ነው። በ1851 ከእብነ በረድ ጠራቢ ቤተሰብ ተወልዶ በአቴንስና በሙኒክ ተማረ። በአቴንስ መካነ መቃብር ያለው “የተኛችው ልጃገረድ” የተባለው ሐውልቱ ከዘመናዊቱ ግሪክ ቅርጾች ሁሉ ዝነኛው ነው። በወጣትነቱ የአእምሮ ሕመም ያዘው፤ ከ1888 እስከ 1902 በኮርፉ ደሴት ሆስፒታል ቆየ። እናቱ ሕመሙን ያመጣበት ቅርጹ ነው ብለው ስላመኑ ወደ መንደሩ ከተመለሰ በኋላ የሚሠራውን ያጠፉበት ነበር። እሳቸው በ1916 ከሞቱ በኋላ ሥራውን እንደገና ጀምሮ በ1938 እስኪያርፍ ድረስ ቀጠለ። የተወለደበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው።

ቲኖስ የጸሎት ደሴትም ነው። በ1823 የተገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ለመሳለም በየዓመቱ ኦገስት 15 ቀን፣ ግሪኮች የእመቤታችንን ዕረፍት በሚያከብሩበት ዕለት፣ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በጉልበታቸው እየዳሁ የሚወጡ አሉ። በዓሉ የኢትዮጵያ ምእመናን በፍልሰታ ጾም ላይ በሚሆኑበት ሰሞን ይውላል።

ከቲኖስ ወደ ደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ሲፍኖስ የሸክላ ደሴት ነች። ጥሩ አፈር፣ በቂ ፀሐይና ለምድጃ የሚሆን ቁጥቋጦ ስላላት ሸክላ ሠሪዎቿ ከጥንት ጀምሮ ታዋቂ ናቸው። በኋለኛው ዘመን ሥራ ቤቶቹ እንደ ካማሬስና ቫቲ ባሉ የባሕር ዳርቻዎች ተተከሉ፤ ማሰሮው ከምድጃ እንደወጣ በቀጥታ ጀልባ ላይ ይጫን ነበርና። ብዙዎቹ ሠሪዎች ወደ ሌሎች ደሴቶችና ወደ አቴንስ አካባቢ ተሻግረው ሙያውን አስፋፍተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብረትና የፕላስቲክ ዕቃ ገበያውን ቢሻማም ሥራው አልጠፋም። ምክንያቱ የደሴቲቱ ማእድ ነው። የሲፍኖስ ሰው ቅዳሜ ማታ ሽምብራውን ክዳን ባለው የሸክላ ድስት አድርጎ በእንጨት ወደሚነድ ምድጃ ያስገባል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲበስል አድሮ እሑድ ይበላል። ይህ ወግ እስካለ ድረስ ድስቱም ፈላጊ አያጣም።

በምሥራቁ ኤጂያን፣ ከቱርክ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ ኺዮስ ትገኛለች። በደቡቧ ባሉ መንደሮች የሚመረተው ማስቲሃ የተባለው ጥሩ መዓዛ ያለው ሙጫ ነው። አሠራሩ ከኢትዮጵያ ዕጣን አመራረት ጋር ይመሳሰላል፤ የዛፉ ቅርፊት ይበጣል፣ የሚፈሰው ፈሳሽ ሲደርቅ ይለቀማል። ገበሬው በበጋ ከዛፉ ሥር ያለውን መሬት ጠርጎ ነጭ አፈር ይነሰንስበታል። ከሐምሌ ጀምሮ በስለታም መሣሪያ ግንዱን ይበጣዋል። ጠብታው በነጩ አፈር ላይ ወድቆ ሲጠነክር ይሰበስበዋል። በክረምት ሴቶች ተሰባስበው ሙጫውን ያበጥራሉ፣ ያጥባሉ፣ የተጣበቀበትን ቆሻሻ በትንሽ ቢላዋ ያስለቅቃሉ። ማስቲሃ ይታኘካል፤ ለጣፋጭ፣ ለመጠጥና ለመድኃኒት ይውላል፤ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በሚባርኩት ቅዱስ ሜሮንም ውስጥ ይገባል። አምራቾቹ በ1938 በማኅበር ተደራጅተዋል፤ ዩኔስኮ ዕውቀቱን የመዘገበው በ2014 ነው። በ2012 የተነሣ ሰደድ እሳት ብዙ ዛፎችን አቃጥሎባቸው ነበር።

ከማስቲሃ መንደሮች አንዷ የሆነችው ፒርጊ በግድግዳ ጥበቧም ትታወቃለች። ግድግዳው ጥቁር አሸዋ በገባበት ልስን ይለሰንና በላዩ ኖራ ይቀባል። ኖራው ሳይደርቅ እንደ ሹካ ባለ መሣሪያ ሲፋቅ ጥቁሩ ከሥር ብቅ ይላል። ሦስት ማእዘን፣ ክብና አራት ማእዘን እየተደረደረ የመንገዱ ሁለት ወገን በጌጥ ይሸፈናል።

ጥልፍና ሽመና በብዙዎቹ ደሴቶች የሴቶች ሙያ ነበሩ። አንዲት ልጅ ለትዳሯ የሚሆናትን ልብስ ከልጅነቷ ጀምሮ ትጠልፋለች። በሮድስና በአቅራቢያዋ ባሉ ደሴቶች የሙሽራዋ አልጋ በሐር ክር በተጠለፈ ድንኳን መሰል መጋረጃ ይከለል ነበር። ከቀድሞዎቹ ጥልፎች ብዙዎቹ ዛሬ በአቴንሱ ቤናኪ ሙዚየምና በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። በቀርጤስ ተራራ ላይ ያለችው አኖጊያ በሽመናዋ የታወቀች ናት። የጀርመን ጦር በነሐሴ 1944 መንደሯን አቃጥሎ ነበር፤ ነዋሪዎቿ መልሰው ሠርተዋታል፤ ዛሬም የሱፍ ምንጣፍና ብርድ ልብስ በየበራፉ ተሰቅሎ ይታያል። በካርፓቶስ ደሴት ኦሊምቦስ በተባለችው መንደር ደግሞ ሴቶች የአገር ልብሳቸውንና የቆዳ ቦት ጫማቸውን ለብሰው ማየት አልቀረም።

ይህን ሁሉ ለማየት የሚሄድ ሰው ጊዜውን መምረጥ ይጠቅመዋል። ግንቦት፣ ሰኔና መስከረም ሙቀቱም ግፊያውም ስለሚቀንስ ሠሪው እንግዳን ለማነጋገር ፋታ ያገኛል። የማስቲሃውን ለቀማ ማየት የፈለገ ግን ነሐሴንና መስከረምን ይምረጥ። ቲኖስና ሲፍኖስ የአውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላቸው መሄጃቸው መርከብ ነው፤ ኺዮስ በሁለቱም ይደረሳል።

መግዛት ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወደብ ሱቆች ከሚደረደረው ዕቃ ብዙው በማሽን የተመረተና ከሌላ አገር የመጣ ነው። የእጅ ሥራ በምልክቱ ይለያል፤ ሁለት የሸክላ ዕቃ ፍጹም አንድ አይሆንም፣ በእብነ በረድ ላይ የመሮው ፈለግ ይታያል፣ የጥልፍ ጀርባው ሲገለበጥ ስፌቱ ይመሰክራል። ጥንታዊ ቅርስን ያለ ፈቃድ ማውጣት በግሪክ ሕግ ወንጀል ስለሆነ ከፍርስራሽ ስፍራ ትንሽ ስባሪ እንኳ ማንሣት አይገባም።

መዝገብም ሙዚየምም ሙያን ያስከብራሉ፤ በሕይወት የሚቆየው ግን ወጣቱ ከሙያው እንጀራ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ወደ ግሪክ ደሴት የሚሄድ መንገደኛ ከባሕሩ ዳርቻ አንድ ቀን ቀንሶ ወደ መንደር ይውጣ፤ የሚገዛውንም ከሠሪው እጅ፣ ዋጋውን ሳይሰስት ይግዛ።