የሐበሻ ጎመን እናት ማን ናት?

ገበያ ላይ ጎመንና ቆስጣ ጎን ለጎን ተደርድረው ይሸጣሉ። ሁለቱም ሰፋፊ ቅጠል ናቸው፤ ሁለቱም ተከትፈው በሽንኩርትና በዘይት ይሠራሉ። የሚያያቸው ሰው ዘመድ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ግን አይደሉም። ቆስጣ ከቀይ ሥር ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ ገበሬ አንዱን ለቅጠሉ፣ ሌላውን ለሥሩ እየመረጠ ሲዘራ ኖሮ ነው መልካቸው የተለያየው። ሰላጣ ደግሞ ከሁለቱም ርቆ ከኑግና ከሱፍ ቤተሰብ ውስጥ ይገባል።

ቅጠል ለዝምድና ምስክር አይሆንም። እንደ አፈሩ፣ እንደ ውሃው፣ ከሁሉ በላይ እንደ ሰው ምርጫ ቶሎ ይለዋወጣል። የአበባ አሠራር ግን ብዙም አይነቃነቅም። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዕፅዋትን የመደበው የአበባቸውን የወንዴና የሴቴ ክፍሎች እየቆጠረ ነበር።

ለዘር የተተወ ጎመን ሲያብብ ቀረብ ብላችሁ እዩት። አራት ቢጫ የአበባ ቅጠሎች በመስቀል ቅርጽ ይዘረጋሉ። መሐል ላይ ብናኝ የተሸከሙ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ አራቱ ረጃጅም፣ ሁለቱ አጫጭር። ሰናፍጭም፣ ጥቅል ጎመንም እንደዚሁ ናቸው። አበባው ነጣ ይበል እንጂ የፌጦም አሠራር ይኸው ነው። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር ራሱ የቤተሰቡ ሀብት ነው። ደረቅ የሰናፍጭ ፍሬ ቢሸተት ምንም አይልም፤ ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ግን በፍሬው ውስጥ ለየብቻ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ነገሮች፣ ድኝ ያለበት ውህድና እሱን የሚሰብረው ኢንዛይም፣ ይገናኙና ያ ኃይለኛ ቅመም ያኔ ይፈጠራል። ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ቅጠሉን ለሚበላ ተባይ ነው፤ እኛ ለጾም ማባያ አደረግነው።

አሁን ወደ ሐበሻ ጎመን እንምጣ፤ ዘሩ ተወቅጦ ምጣድ የሚታሰስበት፣ ጎመን ዘር የምንለው ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረው ናጋሃሩ ኡ የዚህን ወገን ዝምድና ክሮሞሶሞችን፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ያሉትን የዘር መልእክት ተሸካሚዎች፣ በመቁጠር አሳየ። ሰናፍጭ በእያንዳንዱ ሕዋሱ 16 ክሮሞሶም አለው። ብሮኮሊንና አበባ ጎመንን ጭምር የሚይዘው የጥቅል ጎመን ዝርያ 18 አለው። የሐበሻ ጎመን ስንት አለው? 34። የሁለቱ ድምር ነው!

እንዴት ሆነ? ከእያንዳንዱ ወላጅ ግማሹን፣ ማለትም ከሰናፍጭ 8፣ ከጥቅል ጎመን ወገን 9 የወረሰ ዲቃላ 17 ክሮሞሶም ይዞ ይበቅላል። ዘር ለመስጠት ክሮሞሶሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ አለባቸው፤ የሰናፍጩ ከጎመኑ ጋር ስለማይገጥም ዲቃላው መካን ይሆናል። በቅሎን መካን የሚያደርጋትም ይኸው ነው፤ ከፈረስ 32፣ ከአህያ 31 ወርሳ 63 ይዛ ትቀራለች። በዕፅዋት ዘንድ ግን አልፎ አልፎ ሕዋስ ሲከፈል ግድፈት ይፈጠርና ክሮሞሶሞቹ ሳይከፈሉ እንዳሉ ይተላለፋሉ። 17ቱ እጥፍ ሆነው 34 ሲሆኑ እያንዳንዱ ጥንዱን አገኘ። መካኑ ወላድ ሆነ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ይህ አዲስ ተክል ተመልሶ ከሰናፍጭ ጋር ቢዳቀል ልጁ 25 ክሮሞሶም ይዞ በአብዛኛው መካን ይሆናል። እንግዲህ ከወላጆቹ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኗል ማለት ነው። ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ያስረዳን ዝርያዎች በብዙ ሺህ ትውልድ ቀስ በቀስ እየራቁ እንደሚለያዩ ነበር፤ ያም እውነት ነው። እዚህ ላይ ግን የተለያዩት ሁለት ቅርንጫፎች ተመልሰው ገጥመው በጥቂት ትውልድ ሦስተኛ አበቀሉ። ጤፍም የተገኘው በዚሁ መንገድ ከሁለት ቅድመ አያቶች ነው፤ የዳቦ ስንዴ ደግሞ ከሦስት።

ታዲያ ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን የሐበሻ ጎመን እናት የትኛዋ ናት? በቅጠሉ አረንጓዴ እንክብሎች ውስጥ ከእናት ብቻ የሚወረስ የራሱ የዘር መልእክት አለ። የሐበሻ ጎመን መልእክት ሲመረመር ከሰናፍጭ ጋር ይገጥማል። እናቱ ሰናፍጭ ናት።

ጓሮ ያላችሁ ጎመናችሁን ሁሉ ቀንጥሳችሁ አትጨርሱ። ሁለት ሦስት እግር ለአበባ ተዉና ልጆቻችሁ ስድስቱን ክሮች ይቁጠሩ፤ ፍሬው ሲደርቅ ደግሞ ዘሩን ለከርሞ አስቀሩት።