የትም የማያደርሰው ባቡር
(ከሊንደን፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

እኛ ኮሎምበስ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ባቡር ስናወራ የምናወራው ስለ ሌላ ከተማ ነው። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችን በሜትሮ ሥራ ይሄዳል፤ ቺካጎ ያለውም እንዲሁ። በእኛ ከተማ ግን መንገደኛ የሚጭን ባቡር የለም። ከኒው ዮርክ ተነሥቶ በኮሎምበስ በኩል ወደ ካንሳስ ሲቲ ይሄድ የነበረው የአምትራክ ባቡር በ1979 ከቆመ ወዲህ ሊንደን ውስጥ ሌሊት የምንሰማው ፊሽካ የጭነት ባቡር ፊሽካ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ባቡር ልሳፈር ነው ስላቸው ወዳጆቼ “የት ልትሄድ?” ይሉኛል። “የትም” እላቸዋለሁ። ባቡሩ ጥቂት ማይል ይሄድና ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ያን ጊዜ “ታዲያ ለዚህ ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?” የሚል ሳቅ ይከተላል። ጥያቄው ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ይህችን አጭር ጽሑፍ የማቀርበው ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። መልሱ ዞሮ ዞሮ ድሬዳዋ ስለሚያደርሰን አንባቢ በትዕግሥት እንዲከተለኝ እለምናለሁ።

የበጎ ፈቃደኞች ባቡር ሲባል ምን ማለት ነው?

ነገሩ የተጀመረው ዌልስ ውስጥ ነው። ታሊሊን የሚባል፣ ከተራራ ላይ የጣሪያ ድንጋይ ለማውረድ በ1860ዎቹ የተሠራ ትንሽ የባቡር መስመር ነበር። ባለቤቱ በ1950 ሲሞቱ መስመሩ ሊዘጋ ሆነ። ቶም ሮልት የሚባል ደራሲና ጓደኞቹ ተሰብስበው “እኛው እንሥራው” አሉ። በ1951 ባቡሩን ያለ ደመወዝ ማስኬድ ጀመሩ። በዓለም ላይ በበጎ ፈቃደኞች የተያዘ የመጀመሪያው ባቡር ይኸው ነው። እስከ ዛሬም ይሠራል።

የእኛም አካባቢ በዚህ በኩል ባዶ አይደለም። ከሊንደን ወደ ሰሜን ጥቂት ማይል ስንነዳ ወርዚንግተን ውስጥ የኦሃዮ የባቡር ሙዚየምን እናገኛለን። የተመሠረተው በ1948 ነው። ያ ዓመት የኮሎምበስ የከተማ ትራም አገልግሎት ያበቃበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ሊንደንም ያደገችው ከመሐል ከተማ በሚመጣው ትራም ነበር። ዛሬ በክሊቭላንድ ጎዳና የምንሳፈረው ሲማክስ የተባለው ፈጣን አውቶቡስ በ2018 ሥራ ሲጀምር ብዙዎቻችን አዲስ ነገር የመጣ መስሎን ነበር፤ ከሰባ ዓመት በፊት እዚህ ሐዲድ እንደነበረ የሚያስታውሱት እነዚህ የሙዚየሙ ሰዎች ናቸው። በ1905 የተሠራ የእንጨት የኤሌክትሪክ ፉርጎ ሳይቀር ጠብቀው ይዘዋል።

ከዚህ ሰፋ ያለውን ጉዞ የሚፈልግ ደግሞ በመንገድ 33 ወደ ደቡብ ምሥራቅ 60 ማይል ያህል ነድቶ ኔልሰንቪል ይደርሳል። እዚያ ያለው የሆኪንግ ሸለቆ ባቡር በ1972 የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ሠራተኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ተሳፋሪው ምን ያያል?

ባለፈው መኸር ከልጆቼና ከሁለት ጎረቤት ቤተሰቦች ጋር የሄድነው ወደ ኔልሰንቪል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው እንዲዘጋጅ ያህል የሚጠብቀውን ልንገር። ባቡሩ አይፈጥንም። ፉርጎው አሮጌ ስለሆነ ይንገጫገጫል፤ መስኮቱ ይከፈታል፤ የሎኮሞቲቩ ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ነጭ ነጠላ ለብሶ መሄድ አይመከርም። ጥቁር ኮፍያና የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ቲኬት እየበሳ ያልፋል፤ ልጆች ከጠየቁት ቆሞ ያስረዳል። እኛን ያስተናገደን ሰው ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር።

ከመስኮቱ ውጪ የሚታየው ጫካና ወንዝ ብቻ አይደለም። ይህ መስመር በ1869 ኔልሰንቪል የደረሰው ለድንጋይ ከሰል ሲባል ነው። የኮሎምበስን ፋብሪካዎች ያንቀሳቀሰው፣ ቤቶቿንም ያሞቀው ከሰል በዚህ ወርዷል። ከመንገዱ ዳር የአሮጌ ጡብ መተኮሻ ምድጃዎች ይታያሉ። ሃይደንቪል የምትባለው መንደር ደግሞ አንድ ኩባንያ ለሠራተኞቹ በራሱ ጡብ የሠራት ናት። ተሳፋሪው ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ቢያነበው ይረሳዋል፤ በዝግታ እያለፈ ሲያየውና የሚያውቅ ሰው ጎኑ ቆሞ ሲነግረው ግን አይረሳውም። ባቡሩ የትም ባያደርስም ዝግ ማለቱ ጥቅም አለው ያልኩት ለዚህ ነው።

የማይታየው ሥራ

ቲኬቱ ውድ ነው የሚል ሰው ከጀርባው ያለውን ሥራ ቢያይ ሐሳቡን ይለውጣል። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንደ መኪና ቁልፍ ተጠምዝዞ አይነሣም። ውሃው በቂ ግፊት እስኪፈጥር ድረስ ለብዙ ሰዓታት እሳት ይነድድበታል። ተሳፋሪው ጠዋት ሲመጣ እሳት ለኳሹ ከሌሊት ጀምሮ እዚያው ነው።

ሥራው ቀልድም አይደለም። በ1995 ጌቲስበርግ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ጎብኚዎችን የጫነ የእንፋሎት ባቡር ቦይለሩ ውስጥ ውሃው አንሶ፣ ከእሳቱ በላይ ያለው ብረት ከመጠን በላይ ግሎ ሲሰነጠቅ ሦስት ሠራተኞች ክፉኛ ተቃጥለዋል። ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ የባቡር መሥሪያ ቤት ሕጉን አጠበቀ። አንድ ቦይለር 1,472 ቀን ከሠራ፣ ወይም ይህን ያህል ባይሠራም 15 ዓመት ከሞላው፣ ተፈትቶ ከውስጥም ከውጭም ይመረመራል። ይህ ብዙ ገንዘብና ብዙ የእጅ ሥራ ይጠይቃል። የቲኬቱ ገቢ የሚሄደው ወደዚያ፣ ወደ ኢንሹራንስ፣ የበሰበሰውን የሐዲድ ሥር እንጨት ወደ መለወጥ ነው። “በጎ ፈቃደኛ” ማለት ያልሠለጠነ ማለት እንዳይመስለን። አዲስ የመጣ ሰው ፉርጎ በመጥረግ ይጀምራል፤ ደንቡን ተምሮ ይፈተናል፤ ፍሬን ይማራል፤ ዓመታት ከቆየ በኋላ ምናልባት ባቡር ይነዳል።

እንግዲህ ተሳፋሪው የሚከፍለው ይህ የመማማር ሰንሰለት እንዳይበጠስ ነው። ሎኮሞቲቭን በመስታወት አጥሮ ማቆም ቀላል ነው። ሎኮሞቲቩን የሚያውቅ እጅ ግን በመስታወት አይቀመጥም፤ ካልሠራ ይሞታል።

የድሬዳዋው አባት

አብረውን ከነበሩት አንዱ በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ረጅም ዘመን የሠሩ፣ አሁን ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ አባት ነበሩ። ጋሼ እንግሊዝኛ አይናገሩም። መንገድ ላይ ባቡሩ ሲቆም አንድ ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየሄደ በእጁ ጀርባ የመንኮራኩሩን ዘንግ መያዣ መንካት ጀመረ። ልጆቹ ምን እያደረገ እንደሆነ አልገባቸውም፤ እኔም አልገባኝም። ጋሼ ግን ወረዱና ተከትለውት ሄዱ። የሚቀጥለውን እሳቸው ነኩት። ሰውየው ቀና ብሎ አያቸውና ሳቀ።

“ምን እየፈለጋችሁ ነው?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ሙቀት ነዋ ልጄ” አሉኝ። “ዘይት ካጣ ይግላል፤ ከጋለ ዘንጉ ይቆረጣል። ደግሞ ከእጅህ በፊት አፍንጫህ ነው የሚነግርህ።”

ሁለቱ ሽማግሌዎች በእኔ አስተርጓሚነት ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ፤ አብዛኛውን ግን በእጃቸው ነበር የተግባቡት። ስንመለስ ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና “ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አላጋጠመኝም ነበር” አሉ። ልጃቸው አብሮን ነበር። አንገቱን ደፋ።

የእኛስ ሐዲድ?

እንደሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ ለባቡሩ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ደረሰ። የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከሥሩ ቆመ፤ ከተማዋም በዚሁ ምክንያት ተወለደች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ኤረር እያለ ሲያልፍ ጣቢያው ሁሉ ገበያ ነበር። ቤተሰቡ ውስጥ የምድር ባቡር ሠራተኛ ያልነበረበት የድሬዳዋ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

የአዲስ አበባና የድሬዳዋ የመንገደኛ ጉዞ በ2008 ገደማ ተቋረጠ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመረቀ፤ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ለሀገር የሚያስፈልግ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1.435 ሜትር ሲሆን የድሮው 1 ሜትር ስለሆነ አሮጌው ባቡር በአዲሱ መስመር ሊሄድ አይችልም። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ባለው አሮጌ መስመር ሐዲዱ በብዙ ቦታ ተነቅሏል። የቀረን የለገሃር ሕንፃ፣ የድሬዳዋ ወርክሾፕና ማሽኖቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰዎቹ ናቸው።

ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየን ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ከምፅዋ አስመራ የሚወጣው የኤርትራ ባቡር በጦርነቱ ፈርሶ፣ ሐዲዱ ለምሽግ ውሎ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን ጡረታ የወጡ ሠራተኞች ተጠርተው ሐዲዱን ከየምሽጉ ለቅመው መልሰው አነጠፉት፤ በ2003 መስመሩ እንደገና አስመራ ደረሰ። እነዚያ ሰዎች ተቀጥረው እንጂ በበጎ ፈቃድ አልሠሩም። ይሁንና የሚያውቁት አባቶች በሕይወት ስለነበሩ ነው የተቻለው። ሃያ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ማን ያስተምር ነበር?

ምን እናድርግ?

“ሀገር በጦርነትና በኑሮ ውድነት እየታመሰች የባቡር ጨዋታ ምን ያደርጋል?” የሚል ወገን ይኖራል። አልፈርድበትም። እኔም ነገውኑ ገንዘብ አዋጥተን ባቡር እናስነሣ አላልኩም። ከድሬዳዋ እስከ ኤረር እንኳ አንድ አጭር መስመር ለጎብኚ ማስኬድ መንግሥትን፣ ሕግን፣ ብዙ ገንዘብን ይጠይቃል። ሰዎቹን መጠየቅ ግን ምንም አያስወጣም፤ ነገ የማይደረገውም እሱ ነው። አረጋውያኑ እያለፉ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየቤታችን የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኛ ካለ ስልካችንን አውጥተን እንቅረጸው። ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ሥራውን እንጠይቀው፤ ጠዋት መጀመሪያ ምን ይነካ ነበር? መበላሸቱን በምን ያውቅ ነበር? ሁለተኛ፣ ወጣቶቻችን ወደ ወርዚንግተንና ወደ ኔልሰንቪል ይሂዱ፤ የሚችሉ በበጎ ፈቃድ ይመዝገቡ። አንድ ማኅበር ያለ ደመወዝ እንዴት ከሃምሳ ዓመት በላይ ሳይፈርስ እንደሚቆይ መማር ለባቡር ብቻ ሳይሆን ለኮሚኒቲ ማኅበሮቻችንም ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ለበጋ ዕረፍት ሀገር ቤት የምንሄድ ድሬዳዋን በመንገዳችን እናስገባት፤ ወርክሾፑን ለማየት እንጠይቅ። ጎብኚ የሚፈልገው ነገር ለቁራጭ ብረት አይሸጥም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ አበው። የአሮጌ ባቡር ሸክም ከሃምሳ ሎሚ ይከብዳል። ሆኖም ኔልሰንቪል ላይ የተሸከሙትን ሰዎች አይቻቸዋለሁ፤ አስተማሪዎች፣ መካኒኮች፣ ጡረተኞች ናቸው፤ ከእኛ የተለየ ጉልበት የላቸውም።

ቸር ይግጠመን።