የፒክአፕ ሞላ፣ ባሌስትራና አሞርዛተር አመራረጥ



ወደዚህ አዳራሽ ስገባ አንድ ወጣት በር ላይ አስቆመኝና፣ «መምህር፣ የወንድሜን ፒክአፕ ዝቅ ላስደርጋት ነው፤ የትኛው ሞላና አሞርዛተር ይሻለኛል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም መልሼ፣ «ስንት ኩንታል ትጭናለች?» አልኩት። «በገበያ ቀን እስከ ስምንት» አለኝ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት መግቢያ ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። የምነግራችሁ በሙሉ በዚህ ልጅ ጥያቄና በእኔ ጥያቄ መካከል ያለው ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ በቃላቱ እንግባባ። ጋራዦቻችን ሞላ፣ ባሌስትራና አሞርዛተር የሚሏቸው ስሞች ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ሞላ የተጠማዘዘው ሽቦ ሲሆን ባሌስትራ ተነባብሮ የታሰረው የብረት ዝርግ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ክብደት ተሸክመው ይጨመቃሉ፣ የተቀበሉትንም ኃይል መልሰው ይሰጣሉ። አሞርዛተር ግን ክብደት አይሸከምም። ተግባሩ ሞላው የሚመልሰውን ኃይል በዘይት ሰበቃ ወደ ሙቀት ለውጦ እንቅስቃሴውን ማርገብ ነው። «አሞርዛተሩ ደክሞ መኪናዋ ወደ ኋላ ተቀመጠች» የሚል ሰው ስትሰሙ፣ የደከመው ባሌስትራው መሆኑን ዕወቁ። ይህ ስሕተት ብዙ ሰው ያላስፈላጊ ዕቃ እንዲገዛ አድርጓል።

አሁን ወደ ልጁ ፒክአፕ እንመለስ። የባሌስትራዋን ግትርነት ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከጎማው መሐል እስከ መከለያው ጠርዝ ያለውን ርቀት በባዶው ለኩ። ከዚያ አራት ኩንታል ስንዴ ልክ ከኋላ አክስል በላይ አስቀምጣችሁ እንደገና ለኩ። አምስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለች፣ ሁለቱ ባሌስትራዎች በአንድነት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 80 ኒውተን ገደማ ይመክታሉ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለምሳሌያችን እንያዘው። በባዶው ባሌስትራው የሚሸከመው 500 ኪሎ ግራም፣ በስምንት ኩንታል ጭነት ደግሞ 1300 ኪሎ ግራም ነው እንበል። በባዶው ዥዋዥዌዋ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ይሆናል፤ ስትጫን ወደ 1.25 ይወርዳል። ባዶ ፒክአፕ ኮሮኮንች ላይ ተሳፋሪን የምታንጓልለው፣ ስትጫን ደግሞ የምትለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ስምንት ኩንታል ሲጫን የኋላው አካል አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በባዶው በአክስሉና በመግቻው ጎማ መካከል 12 ሴንቲ ሜትር ቢኖር፣ ከጭነት በኋላ ለጉድጓድ የሚተርፈው ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ራሱ የመነመነ ነው። ልጁ መኪናዋን አምስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያስደርግ፤ በባዶው የሚኖረው ሰባት ይሆናል፣ ጭነቱ ግን አሥር ይፈልጋል። እንግዲህ መኪናዋ ገና ሳትንቀሳቀስ በመግቻው ጎማ ላይ ተቀምጣለች፤ ባሌስትራ እንደሌላት ቁጠሩት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጉድጓድ በቀጥታ ሻንሲውን ይመታል። የባሌስትራ ማሰሪያ የሚሰነጠቀው፣ ጆሮው የሚቆረጠው እንዲህ ነው።

«ታዲያ ጠንካራ ባሌስትራ እገዛለሁ» ትሉኝ ይሆናል። ይቻላል። ዝቅ ብላ፣ ስምንት ኩንታል ጭና፣ ሁለቱን ሴንቲ ሜትር እንድታተርፍ ግትርነቱ ከ80 ወደ 157፣ እጥፍ ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም። ያን ጊዜ ባዶዋ መኪና በሰከንድ ወደ ሦስት ጊዜ ትርገበገባለች፤ በሳምንት አምስት ቀን ባዶዋን ለሚነዳት ሰው ይህ ቅጣት ነው። የቀድሞው አሞርዛተርም ከዚህ ጋር አይመጥንም። የማርገቢያ ምጥጥን የምንለው፣ አሞርዛተሩ የሚያረግበው መጠን መኪናዋ ጨርሶ እንዳትወዛወዝ ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር ነው። ይህ ምጥጥን በባዶው 0.3 ቢሆን፣ ባሌስትራው ብቻ ሲጠነክር ወደ 0.21 ይወርዳል። ስለዚህ ሞላ ወይም ባሌስትራ ገዝቶ አሞርዛተሩን እንደነበረ መተው ግማሽ ሥራ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ስሌት መገዛት አለባቸው።

ዝቅ ማድረግ ፈጽሞ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። የመኪናዋ የክብደት ማዕከል ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ወደ 65 ቢወርድ፣ በጥምዝ ላይ ከውስጥ ጎማ ወደ ውጭ ጎማ የሚዛወረው ክብደት በሰባት በመቶ ይቀንሳል። በአስፋልት ይህ ይታወቃል። ነገር ግን ከአክስሉ በፊት ያለው የሻንሲ አካል ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ ከሆነ፣ በዚያው አምስት ሴንቲ ሜትር ሩቡን አጥተናል። አሜሪካውያን ይህን ግብይት ዓይናቸውን ገልጠው አድርገውታል። ጂ ኤም ሲ በ1991 ያወጣት ሳይክሎን የተባለች ፒክአፕ ቱርቦ የተገጠመለት 4.3 ሊትር ሞተርና 280 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ዝቅ ያለች፣ በዘመኗ ከብዙ የስፖርት መኪኖች የምትፈጥን ነበረች። የተፈቀደላት ጭነት ግን 500 ፓውንድ፣ ወደ 227 ኪሎ ግራም ነበር። ሁለት ኩንታል ስንዴ ቢጫንባት የሚተርፋት 27 ኪሎ ነው፤ ሾፌሩ ራሱ ከዚያ በላይ ይመዝናል። ሠሪዎቹ ይህን ጽፈው ሸጧት፤ የገዛትም አውቆ ገዛት።

በእኛ አገር ሞላ መቁረጥ የሚባል አቋራጭ አለ። ስምንት የሚሠራ ጥምዝ ካለው ሞላ አንዱ ሲቆረጥ ግትርነቱ በ14 በመቶ ይጨምራል፤ ቁመቱም ያጥራል። በእሳት ከተቆረጠ ደግሞ የብረቱ ሙቀት አያያዝ ይበላሻል፤ ጫፉም መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም። በአንጻሩ ገጠር ለገጠር የሚሠሩ ሾፌሮች ባሌስትራ ይጨምራሉ። አምስት ዝርግ በነበረው ላይ ስድስተኛ እኩያ ቢታከል ግትርነቱ ወደ 20 በመቶ ያድጋል፤ ይህ መጠነኛ ነው። የዝርጎቹን ውፍረት ከ6 ወደ 7 ሚሊ ሜትር መለወጥ ግን 59 በመቶ ይጨምራል፤ ውፍረት በሦስተኛ ርቢ ይሠራልና። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ መለዋወጫ ስትመርጡ የዝርጉን ቁጥር ብቻ አትቁጠሩ፤ ካሊፐር ያዙ።

ስለ አሞርዛተር ዓይነት ብዙ ክርክር እሰማለሁ። ባለ አንድ ቱቦው ዘይቱንና ከፍተኛ ግፊት ያለውን ናይትሮጅን በተንሳፋፊ ፒስተን ይለያል፤ ዘይቱ አረፋ አይሠራም፣ ሙቀቱም በቶሎ ይወጣል። ለፈጣን አስፋልት እርሱን እመርጣለሁ። ነገር ግን ፒስተኑ የሚሄደው በውጭው ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ከጎማ የተፈናጠረ ድንጋይ ግድግዳውን ካጎደጎደው ይነክሳል። ባለ ሁለት ቱቦው የውጭ ግድግዳው ቢጎደጎድም የውስጡ ቱቦ ሥራውን ይቀጥላል። ለባሌ ድንጋይ፣ በተለይ ከጎባ ሳኔቲን አቋርጦ ወደ ሐረና ደን ለሚወርድ ሰው፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነና አነስተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የተሞላ ባለ ሁለት ቱቦ የእኔ ምርጫ ነው። ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም፤ ይከራከሩኝ። ከዓይነቱ የሚበልጠው ግን ርዝመቱ ነው። ዝቅ ባለች መኪና ላይ የቀድሞው ረጅም አሞርዛተር መግቻው ጎማ ከመነካቱ በፊት ራሱ ታምቆ ያልቃል፤ ያን ጊዜ መግቻው እርሱ ይሆናል፣ አይቆይምም።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ደስ የማይል ቢሆንም። በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ አሮጌ ፒክአፕ ገዝቼ ዝቅ አስደረግኋት። የፊቱ ቶርሽን ባር ስለነበር ማስተካከያ ብሎኑን ማላላት በቂ ሆነ። ከኋላ ባሌስትራው ከአክስሉ ሥር የተቀመጠ ስለነበር፣ በመካከላቸው ታኮ ተገባ። በነገራችን ላይ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ በሆነበት ያው ታኮ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል፤ ይህን ሳያዩ ታኮ የሚገዙ አሉ። ሠራተኛው የሠራው ያዘዝሁትን ነው፤ መሐንዲሱ እኔ ነበርሁ።

ከሮቤ ወደዚህ ወደ ጊኒር ስመጣ፣ ቁልቁለት ላይ፣ በባዶ መኪና፣ ከፊቴ ከብቶች ሲያቋርጡ ፍሬን ያዝሁ። የኋላ ጎማዎች ወዲያው ተቆለፉ፤ መኪናዋ በኮሮኮንቹ ላይ ተሽከርክራ ወደ ጎን ዞረች፣ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመች። አብራኝ ባለቤቴ ነበረች። ማንም አልተጎዳም፤ ባለቤቴ ግን እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም።

ምክንያቱን ያገኘሁት በማግስቱ መኪናዋ ሥር ተኝቼ ነው። በብዙ ፒክአፖች ላይ ከሻንሲው እስከ ኋላ አክስል የሚደርስ ዘንግ ያለው የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፤ ዘንጉም ይነሣና ቫልቩ ለኋላ ፍሬን የበለጠ ግፊት ይሰጣል። ባዶ ስትሆን ይቀንሳል፤ ቀሊል ጎማ ቶሎ ይቆለፋልና። እኔ ታኮ ስጨምር ሻንሲው ለዘለቄታው ወደ አክስሉ ቀረበ፤ ቫልቩም ባዶዋን መኪና የተጫነች መሰለችው። ባሌስትራ ጨምረው ከፍ የሚያደርጉትም ተቃራኒው ይገጥማቸዋል፤ ቫልቩ የተጫነችውን መኪና ባዶ ናት ብሎ ያነባል፣ የኋላው ፍሬን ይደክማል፣ የፊቱ ብቻውን ቁልቁለቱን ሁሉ ይሸከማል። ሁለቱም የሚስተካከሉት የዘንጉን ማሰሪያ ቁመት በተለወጠው ልክ በማዛወር፣ ግፊቱንም በመለካት ነው። ሞላ የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁ።

ለወጣቱ የምመክረው እንግዲህ ይህ ነው። የኋላውን ባሌስትራ እንዳለ ይተወው፤ ዝርጎቹ ካልተሰነጠቁ፣ የጆሮው ጎሚኒ ካለቀ ብቻ ይለውጥ። መኪናዋ በባዶው አፍንጫዋን ቀና የምታደርግ ከሆነ፣ የፊቱን ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚያወርድ፣ ለዚያ ልክ በተሠራ ሞላ ይተካ፤ የፊት አሞርዛተሮችም አብረው ይለወጡ፣ የጎማ አላይመንቱም ይሠራ፤ አለዚያ ጎማው በውስጥ ጠርዙ ያልቃል። ለኋላው ደግሞ ስምንት ኩንታል ጭኖ ሳለ የሚያረግብ ጥሩ አሞርዛተር ይግዛ። ከፈለገ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዋን እዚሁ ግቢ ያምጣት፤ እኔ ሜትር እይዛለሁ፣ እርሱ አራት ኩንታል ስንዴ ይዞ ይምጣ።