ቡታጋዝ ከምድጃ ጋር ሲገጠም

በቡታጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ፈሳሽ ነው። ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉት ጋዞች በግፊት ታምቀው ፈሳሽ ይሆናሉ፤ ቫልቩ ሲከፈት ከላይ ያለው ተን ይወጣል፣ ከታች ያለው እየፈላ ይተካዋል። አንድ ሊትር ፈሳሽ 250 ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣዋል። ሲሊንደሩ ምንጊዜም ቆሞ እንጂ ተጋድሞ መሥራት የሌለበት ለዚህ ነው፤ ከተጋደመ በተኑ ፈንታ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል፣ ሬጉሌተር ደግሞ ፈሳሽ እንዲቆጣጠር አልተሠራም።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን የጋዙ ክብደት ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ያፈተለከ ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ በበር ሥር ያልፋል፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ከአየሩ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ሲሆን ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የከሰሉ ምድጃና የዕጣን ማጨሻው የሚቀመጡት እዚያው ወለሉ ላይ፣ ጋዙ በሚሄድበት ከፍታ ነው፤ ከማእድ ቤት የወጣው ጋዝ ሳሎን ካለው ፍም ሊደርስ ይችላል። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ ስለሌለው መርካፕታን የተባለ ክፉ ሽታ ያለው ቅመም ይጨመርበታል፤ ያንን ሽታ ደግሞ ዕጣንና የሚቆላ ቡና ሊሸፍኑት ይችላሉ። ቡና ከመቆላቱ በፊት የሲሊንደሩን ቫልቭ መዝጋት ጥሩ ልማድ ነው።

ለሲሊንደሩ የተሻለው ቦታ ከቤት ውጭ፣ ፀሐይ የማያገኘው ጥላ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ባልኮኒ ይሆናል፤ ያኔ ግን በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ክፍል ጎማ ሳይሆን የብረት ወይም የመዳብ ቱቦ መሆን አለበት። ምድር ቤትና የተዘጋ ቁም ሳጥን አይሆኑም።

ሬጉሌተሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ከፍተኛ ግፊት ምድጃው ወደሚችለው፣ ብዙውን ጊዜ 30 ሚሊባር ገደማ ያወርዳል። አፉ ከቫልቩ ጋር ካልገጠመ ሌላ ይገዛል እንጂ በግድ አይገባም። በጥርስ የሚታሰሩት ብዙዎቹ ከተለመደው ብሎን በተቃራኒ ወደ ግራ ሲዞሩ ነው የሚጠብቁት፤ ይህን ሳያውቁ ወደ ቀኝ መታገል ጥርሱን ይበላዋል። በውስጡ ያለው ጎሚኒ ከደረቀ ይቀየራል፤ ቴፍሎን መጠምጠም አይተካውም።

ደካማው ቦታ ጎማው ነው። የውሃ ጎማ ለዚህ አይሆንም፤ ጋዙ ይበላዋል። ለጋዝ የተሠራው ጎማ ላዩ ላይ ዓይነቱና ዘመኑ ታትሞበታል፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ባይረዝም፣ በምድጃው ጀርባ በሙቀቱ በኩል ባያልፍ ይመረጣል። ሁለቱም ጫፎቹ በፋሼታ ይታሰራሉ። ሽቦ ጎማውን እየቆረጠ ስለሚገባ አይሠራም። ጎማው ደህና መሆኑን ለማወቅ ጫፉ አካባቢ አጠፍ አድርጎ በብርሃን ማየት ይበቃል፦ ያረጀ ከሆነ እንደ ተሰነጠቀ ተረከዝ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ ይላሉ። ያ ጎማ ያን ቀን ይጣላል።

ከተገጠመ በኋላ የሚፈተነው በሳሙና ነው፤ በክብሪት መፈተን ፈጽሞ አይገባም። የምድጃው መክፈቻዎች ተዘግተው ቫልቩ ይከፈታል፤ ከዚያ በውሃ የተመታ ላርጎ በስፖንጅ በቫልቩ አንገት፣ በሬጉሌተሩ መጋጠሚያና በጎማው ሁለት ጫፎች ይቀባል። አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ትንሽ ቀዳዳ ቶሎ አይጋለጥም፤ በመጀመሪያ የመርፌ ራስ የምታክል አረፋ ትወጣለች፣ ትነፋለች፣ ትፈነዳለች፣ እዚያው ቦታ ሌላ ትተካለች። እንዲህ ያለ ቦታ ከተገኘ ቫልቩ ተዘግቶ መጋጠሚያው እንደገና ይሠራል።

ጤነኛ ነበልባል ሰማያዊ ነው። ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ካጠቆረ አየር አንሶታል፤ ያኔ ሽታ የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊወጣ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ መስኮት ከፍቶ ማብሰል እዚህ የበለጠ ያስፈልጋል።

የጋዝ ሽታ ከተሰማ መብራት አይበራም፣ የበራውም አይጠፋም፤ ማብሪያና ማጥፊያው ብልጭታ ይሰጣል። ቫልቩ ይዘጋል፣ በርና መስኮት ይከፈታል፣ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ስልክ የሚደወለው ከውጭ ነው። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን 939 ላይ ይገኛል።

ሲሊንደር መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ቡታጋዙ ብቻውን ሲሠራ በዋለበት ሰዓት ሊያልቅ ይችላል። ያኔ ሻማ ወይም ኩራዝ አጠገብ አስቀምጦ መቀየር ትልቅ አደጋ ነው። ወደ ክፍሉ ከመግባት በፊት የበራ የእጅ ባትሪ መያዝ፣ ካልተገኘም እስኪነጋ መቆየት ይሻላል። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ላርጎው እንደገና ይመታል፤ ሬጉሌተሩ ሲነቀል ጎማውም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ሁሉም መጋጠሚያ ይቀባል።