የምጣዱ ሽቦ ሲያጥር

ቮልቴጅን ለከረንት ስናካፍል ሬዚስታንስ እናገኛለን፤ ቮልቴጅን በከረንት ስናባዛ ፓወር። የመጀመሪያውን ሕግ ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው፤ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ስለ ቀመሩ ይህ ይበቃል። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። በአዳማ ቤቶች ውስጥ ከእሱ የበለጠ ከረንት የሚስብ ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሲበላሽ ግን ማንም ሒሳቡን ሳይሠራ ይጠግነዋል።

ምጣዱን ገልብጣችሁ እዩት። ከሸክላው ጀርባ እየዞረ ወደ መሃል የሚገባ ቦይ ተቀዶለታል። ቦዩ ውስጥ ጥምዝምዝ ሽቦ ተኝቷል፤ ላዩ በጀሶ ተለስኗል። ሠሪውም ደንበኛውም ሽቦውን ሬዚስታንስ ይሉታል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ምጣዱ 16 አምፔር ከሳበ ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም፣ ፓወሩ 3,520 ዋት ነው። ይህን ያህል ጉልበት እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። አጠገባችን ያለው የቆቃ ግድብ በሙሉ አቅሙ 43.2 ሜጋዋት ያመነጫል፤ በአንድ ጊዜ የሚያግለው 12 ሺህ ያህል ምጣድ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብለው ከሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች አንዱ 1.5 ሜጋዋት አለው፤ ነፋሱ ደህና ሲሆን ከ420 የሚበልጥ ምጣድ ይችላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ሽቦው ሲበጠስ ብዙ ጠጋኞች የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጠው ይጥሉና የቀረውን ሳብ አድርገው ያገናኙታል። ፍራንኮ አካባቢ አንድ ሱቅ ተቀምጬ ጠጋኙ አንዲት እናትን፣ «እናቴ፣ ሽቦውን አሳጥሬልዎታለሁ፤ ከእንግዲህ መብራት አይበላም» ሲላቸው ሰምቻለሁ። እሳቸውም መርቀውት ሄዱ። ልጁ ሊያታልላቸው አልፈለገም፤ ከልቡ ያመነውን ነው የተናገረው። ሽቦ ሲያንስ ፍጆታም ያንሳል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው።

እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሽቦው ከአሥር አንድ እጁን ቢያጣ ሬዚስታንሱ ከ13.75 ወደ 12.4 ኦም ገደማ ይወርዳል። ቮልቴጁ ያው 220 ስለሆነ ከረንቱ ወደ 17.8 አምፔር፣ ፓወሩም ወደ 3,900 ዋት ይወጣል። የ16 አምፔር ብሬከር ከልኩ በላይ ተጭኖበታል። ከዚህ የከፋም አለ፦ ፓወሩ ሲጨምር የሚሸከመው ሽቦ አጥሯል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስንዝር ሽቦ ከቀድሞው ሩብ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ተጨማሪ ሙቀት ይችላል። ቶሎ መበጠሱ አይቀርም፤ ሲበጠስ ደግሞ እንደገና ይቆረጣል። «ይህ ምጣድ በየጊዜው ይበጠሳል» የሚባለው የብዙ ምጣድ ታሪክ ይህ ነው።

እኚያ እናት ተመልሰው ሲመጡ ይዘውት የመጡት ስፒና አንዱ እግሩ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ነበር። ይህም በሒሳብ ይታወቃል። ሶኬቱ ላልቶ መጋጠሚያው ላይ 0.2 ኦም ብቻ ሬዚስታንስ ቢፈጠር፣ በ16 አምፔር እዚያች ነጥብ ላይ 51 ዋት ሙቀት ይወጣል፤ በ17.8 አምፔር 63 ዋት ይሆናል። የአንድ አምፖል ሙሉ ጉልበት ስፒና ውስጥ ታፍኗል ማለት ነው። ምጣድን ቴሌቪዥን በተሰካበት ቀጭን ዲቫይደር ላይ የምትሰኩ ሰዎች ይህን ሳታውቁ አትቅሩ።

ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር መብራቱ ይደክማል። ያኔ «ምጣዱ ተበላሸ» ይባልና ጤነኛው ዕቃ ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል። ሬዚስታንሱ ብዙም አልተለወጠም፤ የወረደው ቮልቴጁ ነው። 180 ቮልት ላይ ያው ምጣድ 13.1 አምፔር ይስባል፣ ፓወሩም 2,360 ዋት ገደማ ይሆናል። ቮልቴጁ የቀነሰው ከአምስት አንድ እጅ ባነሰ ነው፤ ሙቀቱ ግን አንድ ሦስተኛውን አጥቷል። ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንቱም አብሮ ስለሚወርድ ጉዳቱ እጥፍ ነው። እንጀራው ዓይን አልወጣ ቢል ሊጡን አትውቀሱ። ካውያና ምድጃም በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ፤ እንደ ፍሪጅ ሞተር ያለበት ዕቃ ግን ሌላ ሒሳብ አለው።

ስለ አለካክ አንድ ነገር ልጨምር። ክላምፕ ሜትር የምትጠቀሙ ልጆች መሣሪያውን ሙሉ ገመዱ ላይ አታጥልቁት። የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት ይጣፋና ዜሮ ያሳያችኋል፤ አንዱን ሽቦ ብቻ ለይታችሁ ያዙ። ቮልቴጁንም ምጣዱ እየሠራ ለኩት እንጂ 220 ነው ብላችሁ አትገምቱ። ሬዚስታንስን በቀዝቃዛው በመልቲሜትር መለካት ለምጣድ ሽቦ ብዙ አያሳስትም፤ በአሮጌው ባለ ክር አምፖል ግን ጨርሶ ያሳስታል። 220 ቮልት ላይ ሲበራ 484 ኦም የሆነው የ100 ዋት አምፖል ጠፍቶ ሲለካ የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ምጣድ የምታስጠግኑ ሁሉ፣ ሽቦው ከተበጠሰ ሙሉውን አስቀይሩ። ከሱቁ ከመውጣታችሁ በፊትም ፊታችሁ አስለክታችሁ አምፔሩን ጠይቁ። ከ16 ካለፈ ምጣዱን አትቀበሉ።